የተራበ ሰው ለምን ይበርደዋል?

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ፒዬትሮ አንቶኔሊ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ ውል ተፈራረሙ። ታሪካችን ያንን ቀን የሚያስታውሰው በ17ኛው አንቀጽ ነው፤ ከአንቀጹ ተነሥቶም ወደ ዓድዋ ይሻገራል። ወረቀቱ ሲፈረም ግን የአገሩ ገበሬ ሌላ መከራ ላይ ነበር። ቀደም ብሎ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው፣ ሕዝቡ «ደስታ» የሚለው የከብት በሽታ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ በረቱን ሁሉ ባዶ አድርጎታል። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማሳው ጦሙን አደረ። ዝናቡም ጠፋ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ያንን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን አለው። አፄ ምኒልክ ሰው ያለ በሬም ቢሆን ቆፍሮ እንዲዘራ ራሳቸው ዶማ ይዘው አርአያ እንደሆኑ ይተረካል።

ላም ስትሞት ከቤት የሚጠፋው ወተት ብቻ አይደለም። የአራሷ ገንፎ ላይ የሚፈሰው ቅቤ፣ የሕፃኑ አናት ላይ የሚደረገው፣ ወጡን የሚያወዛው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እህሉም ቅቤውም ካለቀ በኋላ ሰው የሚኖረው በገዛ ገላው ላይ ባስቀመጠው ስብ ነው፤ ከቆዳው ሥር በተነጠፈው፣ አንጀቱን በሸፈነው ሞራ፣ በዳሌና በጭን ባጠራቀመው። አምባሰል ደግሞ ብርዱን የሚያውቅ አገር ነው። ከሐይቅ ዳርቻ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ግሸን አምባ የሚወጣ ሰው ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ይሻገራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አገር ረሃብና ብርድ ተለያይተው አይመጡም።

የተራበ ሰው እንደሚበርደው የወሎ ሰው ያውቀዋል። አቅም ያጣው ሰው ከግድግዳ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ በቀትርም ጋቢውን አይጥልም። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን ለማወቅ ከክፉ ቀን ወዲህ ሌላ አንድ መቶ ዓመት አስፈልጓል። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ወሎ ሁለት ጊዜ ዓለም ያወቀው ረሃብ ደረሰበት። እውቀቱ በየላቦራቶሪው ሲሰበሰብ ሰው በየመንገዱ ዳር ይወድቅ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መተረክ ተገቢ ነው እላለሁ።

የእውቀቱ መነሻ ከክፉ ቀን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1551 የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር ክረምቱን ተኝቶ በሚያሳልፍ አንድ የተራራ አውሬ ትከሻ መሐል ያየውን እንግዳ ነገር ጻፈ፤ ስብም ሥጋም የማይመስል፣ መልኩ ቡናማ የሆነ። ለምን እንደሚጠቅም አላወቀም፤ ለአራት መቶ ዓመታትም ያወቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1783 ደግሞ ፓሪስ ላይ ላቯዚዬና ላፕላስ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አንዲት ትንሽ እንስሳ አስገብተው፣ ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶ መዘኑ፤ የተነፈሰችውንም አየር ለኩ። ሁለቱን ሲያስተያዩ የሕያው አካል ሙቀት ከእሳት ሙቀት የተለየ ምንጭ እንደሌለው ተረዱ። ሰውነት የበላውን በአየር ታግዞ ቀስ እያለ ያነድዳል፤ ሙቀቱም ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ የሚነድ ነገር ያነሰው ሰው ሙቀትም ያንሰዋል ማለት ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። አላበቃም።

ስብ ሰውነት ከሚያነድዳቸው ነገሮች ሁሉ የበለጠ ጉልበት ያዘለ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ። ጉበት ያስቀመጠው ስኳር ምግብ በተቋረጠ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ያልቃል። 10 ኪሎ ስብ ያለው ሰው ግን 90,000 ኪሎ ካሎሪ ይዟል። ተኝቶ የሚውል አካል በቀን 1,500 ያህል ቢፈጅ ለሁለት ወር ይበቃዋል። በመሆኑም ጾምና ረሃብ አንድ አይደሉም። ከ13ኛው ምዕተ ዓመት፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚጾሙት መነኮሳት ከሰዓት በኋላ የሚቀምሱት እህል አላቸው፤ የጎደለው ስብ ነገ ይተካል። በረሃብ ዘመን የሚተካ የለም። ስቡ ባለቀበት ዕለት ሰውነት ሙሉ በሙሉ ወደ ጡንቻው ይዞራል፤ እሱም የእጅና የእግሩ ብቻ ሳይሆን የልቡና የመተንፈሻው ጡንቻ ነው።

ከክፉ ቀን በኋላ የረሃብን አካሄድ በጥንቃቄ የመዘገቡት ራሳቸው የተራቡ ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች በዘጉት የዋርሶ ጌቶ ውስጥ አይሁዳውያን ሐኪሞች በእስራኤል ሚሌይኮቭስኪ መሪነት የሚሞቱትን ወገኖቻቸውን እየመረመሩ ጻፉ። ጽሑፉ በድብቅ ከጌቶው ወጥቶ ከጦርነቱ በኋላ ታተመ፤ ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ግን አልተረፉም። ያዩት ግልጽ ነበር፦ የረሃብተኛው ሙቀት ይወርዳል፣ የልቡ ምት ይቀንሳል፣ ብርዱ አይለቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለረሃብ አዘጋጀ። ወታደር አንሆንም ያሉ፣ ነገር ግን ለሰው ልጅ አንድ ነገር ልናበርክት ያሉ ወንዶች ነበሩ። ለስድስት ወር ከሚያስፈልጋቸው ግማሹን ያህል ተመገቡ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ቀነሰ። ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያነድደው ጉልበት ግን ወደ 40 በመቶ ነበር የወረደው። ቁም ነገሩ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ገላው በሩብ ቢቀንስ ፍጆታውም በሩብ ይቀንሳል ብሎ መገመት ይቻል ነበር፤ ከዚያ ያለፈው ቅነሳ ሰውነት ራሱ ወስኖ ያደረገው ነው። ሐምሌ ላይ፣ አገሩ በሙቀት በሚጨነቅበት ወር፣ እነዚያ ወጣቶች ኮት ደርበው ይዞሩ፣ ሌሊት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይጠይቁ ነበር። ብርዱ የመጣው ከውጭ አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠ። ሰውነት ስቡ እንደጎደለ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1953 እንግሊዛዊው ጎርደን ኬኔዲ ስብ ለአንጎል የሚልከው መልእክት ሊኖር ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ደግሞ ዳግላስ ኮልማን አሜሪካ በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ በጣም የሚወፍሩ አይጦችን ደም ከሌሎች አይጦች ደም ጋር አገናኝቶ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወር አንድ የማናውቀው ነገር «በቃ» የሚል መልእክት እንደሚያደርስ አሳየ። ነገሩን ለይቶ የሚያወጣው ግን አልተገኘም።

ወሎ ከሁለቱ ረሃቦች የመጀመሪያውን ያየው በዚህ መካከል ነው። በ1964 ዓ.ም. ዝናቡ አጠረ፤ በ1965 በልጉ ከሸፈ። ገበሬው ከብቱንና የእርሻ ዕቃውን ሸጦ ሲጨርስ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ የሚወጣው መንገድ የረሃብተኛ መሰብሰቢያ ሆነ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ አሳዩ፤ ባለሥልጣናቱ ግን ነገሩን ሸፈኑት። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ያ ፊልም ከንጉሠ ነገሥቱ ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ዙፋኑ ወደቀ። የሞተው ሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር።

በእነዚያው ዓመታት፣ ጃማይካ ኪንግስተን ውስጥ፣ በተመጣጠነ ምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክሙ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። ጤነኛ ሕፃን ክፍሉ ትንሽ ሲቀዘቅዝ የሰውነቱን ሙቀት ማመንጨት ይጨምራል፤ የተጎዳው ሕፃን ግን አይጨምርም፤ ሙቀቱ ዝም ብሎ ይወርዳል። ያው ሕፃን አገግሞ ሥጋ ሲያወጣ ችሎታው ይመለስለታል። ይህን ይዘን ወደ ወሎ መንገድ እንመለስ። አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ከእናቱ ጋር ክፍት ሜዳ ላይ አደረ እንበል። ገላው ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ያጣል። ከቆዳው ሥር ሙቀት የሚይዝለት ስብ የለም። የሚንቀጠቀጥበት ጡንቻም ቀልጧል። ከውስጥ የሚነድድ ሌላ ነገርም አልቀረለትም። ንጋት ላይ ሞቶ ሲገኝ በረሃብ ሞተ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የመጨረሻዋን ሰዓት ያመጣው ብርዱ ነው።

ያ «ሌላ ነገር» እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ከወሎው ረሃብ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጌስነር በአውሬው ትከሻ መሐል ያየው ቡናማ ስብ በአዲስ የተወለደ ሕፃን ላይም አለ፤ በትከሻ አጥንቶቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቱ ዙሪያ። መልኩን ያጠቆረው በሕዋሳቱ ውስጥ የታጨቁት ማይቶኮንድሪያ የተባሉት የጉልበት ማምረቻዎች ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች በዚያ ስብ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን አገኙ። በሌላው ሕዋስ ምግብ ሲነድድ ጉልበቱ ለሥራ ይቀመጣል፤ ይህ ፕሮቲን ባለበት ግን ጉልበቱ ለሥራ ሳይውል እንዳለ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አዲስ የተወለደ ሕፃን መንቀጥቀጥ አይችልም፤ ከማህፀን ወደ ቀዝቃዛ አየር ሲወጣ የሚያተርፈው ይኸው ስብ ነው። ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ዴቪድ ፎስተርና ሎሬይን ፍሪድማን ደግሞ ብርድ የለመዱ አይጦች ተጨማሪ ሙቀታቸውን በአብዛኛው የሚያመነጩት በዚሁ ስብ እንደሆነ በደም ፍሰቱ ለክተው አረጋገጡ። ስለዚህ ነጩ ስብ ያስቀምጣል፣ ሙቀትም ከገላ እንዳይወጣ ይከልላል፤ ቡናማው ያነድዳል።

በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ኮሎምቢያ ቦጎታ ላይ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም የማሞቂያ ሣጥን አልበቃ ቢለው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ጨቅሎች በእናታቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስጠግቶ ማሰር ጀመረ። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ቡናማ ስቡ ገና በቅጡ አልተሠራም፤ ነጩም ስስ ነው። እናት የምትሰጠው እሱ ያላመረተውን ሙቀት ነው። ይህ ዘዴ ወደ አገራችን የሚደርሰው ቆይቶ ነው።

ከዚያ በፊት 1977 ዓ.ም. መጣ። የ1966ቱ ረሃብ ባስከተለው ቁጭት የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ መጋቢት 1976 ዓ.ም. ላይም ለጋሾችን ሰብስቦ ሚሊዮኖች ሊራቡ እንደሆነ ተናገረ። በቂ መልስ አላገኘም። መንግሥትም በበኩሉ መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሣው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ሰዉ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። ዘገባው የተቀረፀው ንጋት ላይ ነበር። የብርዱን ሌሊት ያላለፉት በጨርቅ ተጠቅልለው በተርታ ተኝተው ይታያሉ። በዚያ ረሃብ በመላ አገሪቱ ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ወደ 600,000 ሰው ደግሞ፣ አምባሰልን ጨምሮ ከወሎ ደጋዎች ብዙው፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላ ተወስዶ ሰፈረ። የከሳ ገላ ከደጋ ብርድ ወጥቶ ወደ ወባ አገር ገባ።

ከመንደር ወጥቶ መጠለያ የገባው ሰው በእህል እጦት ብቻ አልሞተም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ታይፈስ ገደሉት። በምግብ የተጎዳ ሕፃን በበሽታ እንደሚሸነፍ ሐኪሞች ያውቁ ነበር፤ ስብ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ገና አልታወቀም።

መልሱ ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ከታየች አሥር ዓመት በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ኒው ዮርክ ላይ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ኮልማን የተነበየውን መልእክተኛ አገኙት። ነጭ የስብ ሕዋስ ራሱ ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው ሆርሞን ነው፤ ሌፕቲን አሉት። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን ይበዛል፤ ሲያንስ ያንሳል። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ይህን መጠን እያየ ያለውን ስንቅ ያውቃል። ስብ እንደ ጎተራ ነው፤ ግን ስንት ኩንታል እንደቀረው ለባለቤቱ ሳያሰልስ የሚናገር ጎተራ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ሌፕቲንን ውፍረት የሚከላከል መድኃኒት አድርጎ ነበር ያየው። ነገሩን ገልብጦ ያሳየው ጋና የተወለደው ሐኪም ሬክስፎርድ አሂማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ቦስተን ላይ ከባልደረቦቹ ጋር አይጦችን አስርቦ ሌፕቲናቸው ስቡ ራሱ ከሚቀንሰው ፈጥኖ እንደሚወርድ አየ። ከሱም ጋር የታይሮይድና የመዋለድ ሆርሞኖች ይወርዳሉ። ለተራቡት አይጦች ሌፕቲን ሲሰጣቸው ግን የሆርሞኖቹ መውረድ ተገታ፤ ያለ ምግብ። እንግዲህ ይህ ሆርሞን ከጥጋብ ይልቅ የረሃብ መልእክተኛ ነው። ሲወርድ አንጎል «ስንቅ አልቋል፣ ወጪ ቀንሱ» ይላል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲወርድ ሰውነት ሙቀት ማመንጨቱን ይቀንሳል። ወደ ቡናማው ስብ የሚሄደው የነርቭ ትእዛዝ ይደክማል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛል። ልጁ ማደጉን ያቆማል። የሴቲቱ የወር አበባ ይቋረጣል፤ በረሃብ ማግሥት የሚወለድ ልጅ የሚያንሰው አንድም በዚህ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶም በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሌፕቲን ሲያጡ እንደሚዳከሙ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የኡጋንዳ ሙላጎ ሆስፒታል ጥናት፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ከገቡት ሕፃናት ሌፕቲናቸው በጣም ዝቅ ያለው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

አሁን ጥያቄው ሙሉ መልስ አገኘ። የተራበ ሰው የሚበርደው የሚነድ ነገር ስላነሰው ብቻ አይደለም። ስቡ መጉደሉን ነግሮ፣ አንጎሉም ሰምቶ፣ ሰውነት ዕድሜውን ለማራዘም ሙቀቱን ራሱ ስለቀነሰ ነው። በክፉ ቀን ጋቢ ደርቦ ፀሐይ የሞቀው ገበሬ ሰነፍ አልነበረም፤ ገላው ባለችው ስንቅ ቀን እየገዛለት ነበር። ይህ ቁጠባ ለሰው ልጅ የተሰጠ ትልቅ ጸጋ ነው። የቆላ ሌሊት ላይ ያተርፋል። የደጋ ውርጭ ላይ ግን ያው ቁጠባ ይገድላል።

ሕክምናውም ለሙቀት ቦታ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ጤና ድርጅት በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚታከምበትን መመሪያ አወጣ። ከአሥሩ እርምጃዎች የመጀመሪያው የደም ስኳርን ማስተካከል፣ ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ በብብቱ ሲለካ ከ35 ዲግሪ በታች የወረደ ልጅ ወዲያው ይሞቃል፣ በእናቱ ገላ ላይ ተለጥፎ በአንድ ብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ ሌሊቱንም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይመገባል። በአንዴ ማጥገብ አይፈቀድም፤ ሥራውን የቀነሰ ልብና ኩላሊት ድንገተኛ ምግብ አይችሉም።

የመጠለያው ነገርም ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከ2003 ጀምሮም በደቡብ ወሎ ደሴ ዙሪያና ቃሉ ወረዳዎች፣ ኮንሰርን የተባለው ድርጅት የተጎዱ ሕፃናትን እቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ አደረገ። ከለውዝ፣ ከዘይት፣ ከወተትና ከስኳር የተዘጋጀው ፕላምፒነት በስብ የበለጸገ ነው፤ ውኃ አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ እናት በቤቷ ትሰጣለች። ልጁ ሜዳ ላይ ሳይሆን ከወንድምና እህቱ ጋር በሞቀ ጎጆ ያድራል። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባውን መለኪያ የሕፃኑ ግራ ክንድ መሐል ላይ ታጠልቃለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል። ያ ጠባብ ጥብጣብ የሚለካው በአጥንቱ ዙሪያ የቀረውን ጡንቻና ስብ ነው፤ ያለ ደም ምርመራ፣ ያለ መብራት፣ የልጁ ስንቅ ምን ያህል እንደቀረ ይነግራታል።

በእናት ገላ ማሞቅንም አዲስ አበባ ላይ በጥናት ያረጋገጡት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ናቸው። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳየ ካሤ ከ2 ኪሎ በታች የተወለዱ ጨቅሎችን በሁለት ከፍለው አከሙ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶው ሲሞቱ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእናታቸው ደረት ላይ ከተለጠፉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። በየመንደሩ የሚሰጠው «ሕፃኑን እንደተወለደ አትጠቡት፣ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ኮፍያ አድርጉለት» የሚለው ምክርም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ያቺ ጥቂት ቡናማ ስብ በውኃ ብርድ ያለ ጊዜዋ እንዳታልቅ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሦስት የጥናት ቡድኖች ቡናማ ስብ በአዋቂም ላይ፣ በአንገትና በትከሻ ዙሪያ፣ እንዳለና ብርድ ሲነካው እንደሚሠራ በምስል አሳዩ። በዚያው ዘመን ጅማ ላይ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያውያን ጨቅሎችን ስብ በአየር መለኪያ መሣሪያ ይመዝኑ ጀመር። ከሐይቅ በስተ ሰሜን በዚያው መንገድ የሚገኘው ራያ ቆቦም የጥናት ስፍራ ሆነ። በ1977ቱ ረሃብ ወቅት በማህፀን የነበሩ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ የደም ስኳር፣ የደም ግፊትና የሆድ ስብ መዛባት ሲደራረብባቸው በብዛት ታይቷል። ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያ ረሃብ ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩት ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እንዳጠሩ አሳየ። በረሃብ የተማረ ገላ የመቆጠብ ልማዱን አይረሳም፤ እህል በተገኘበት ዘመን ሆድ ዙሪያ ያከማቻል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የስኳር በሽታ ክትትል የሚያደርገው የዚያ ዘመን ልጅ የጠገበ ብቻ አይደለም፤ በማህፀን የተራበም ሊሆን ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ ወቅቱ ጥቅምትና ኅዳር ነበር። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ልጁን አዝሎ ሜዳ ላይ አደረ፤ ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ ለተፈናቃይ እህል ልኮ ብርድ ልብስ ማስቀረት አይገባም። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከነፋስ ተከልለው ማደራቸው ከመድኃኒት ይቆጠራል። የአራስ ቤት ከሌላው ቀድሞ ይሠራ። የእርዳታ ዘይት ከራሽን ላይ የሚቀነስ ትርፍ ሳይሆን ዋናው ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ሰውነት ስንቁ ገና መጉደል ሲጀምር ያውቃል፣ ይናገራል፣ ወዲያው እርምጃ ይወስዳል። በ1965ም በ1976ም የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ መምህራኑ ተናግረዋል፣ ኮሚሽኑ ተናግሯል፤ የጠፋው ሰምቶ የሚነሣ ነው። የአምባሰል ገበሬ በሬውን ለገበያ ባወጣበት ቀን፣ የሐይቅ ጤና ጣቢያ ላይ ቢጫ የሚያሳዩ ክንዶች በበዙበት ሳምንት ስንቁ ይድረስ። ቀዩ እስኪታይ የሚጠብቅ እርዳታ የሚደርሰው ሰውነት ሙቀቱን መቀነስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አንዲት የደጋ ሌሊት ትቀድመዋለች።